ከሶዶ ቀይ አፈር የተማርነው



ውድ አንባቢያን፣ ልጅን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መላክ በዘመናችን የብዙ ቤተሰብ ምኞት ነው። ማስረጃው ይሰበሰባል፣ ፓስፖርቱ ይወጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ እናትም በሻንጣው ጥግ በርበሬና ሽሮ ትወሽቃለች። ልጁ የሚሄድበትን አገር ቋንቋ፣ ምግብና ወግ እንዴት እንደሚለምድ ሁሉም በየፊናው ይመክረዋል። ለመሆኑ ይህ ልጅ የገዛ አገሩን ሰዎች ቋንቋና ወግ ምን ያህል ያውቃል? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣችብን እህታችን ናት። ልጇ የሕብረተሰብ ጤና የሚማርበት ዕድል ከውጭ አገር መጥቶለት መሄጃውን በሚጠባበቅበት ሰሞን እኛ ወደ ወላይታ ለመጓዝ መነሣታችንን ሰማች። «ልጄ ከአዲስ አበባ ውጭ ያደረበትን ሌሊት በጣቴ እቆጥረዋለሁ። የሰው አገር ምን እንደሚመስል ሳያይ ባሕር ሊሻገር ነው። እባካችሁ ይዛችሁት ሂዱ» አለችን። ልጁ ግን ብዙም አልተደሰተም። «እኔ የምማረው እዚያ ነው፤ ወላይታ ሄጄ ምን እማራለሁ?» ሲል አጉረመረመ።

እኛም መልስ አልሰጠነውም። የጤና ትምህርት ፍለጋ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ተነሥተው ወደ ወላይታ የመጡ ሊቃውንት መኖራቸውን ያን ጊዜ ብንነግረው ኖሮ የሚያምነን አይመስለንም ነበር። እርሱ ራሱ ደርሶ ቢያየው ይሻላል ብለን የሱብሒን ሰላት ሰግደን መንገድ ጀመርን።

በአንድ ቀን ሦስት የቋንቋ ቤተሰብ

የሄድነው በአለም ገና፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ነው። ቁርሳችንን ወራቤ ላይ ቀመስን። በዙሪያችን የሚሰማው ስልጢኛ ሲሆን ይህ ቋንቋ ከሴም ቋንቋዎች የሚመደብና ለሐረሪ የሚቀርብ ነው። ሆሳዕና ስንደርስ የሰማነው ሀዲይኛ ደግሞ የኦሮምኛ፣ የሲዳምኛና የሶማልኛ ዘመድ የሆነ የኩሽ ቋንቋ ነው። አረካን አልፈን ወደ ሶዶ ስንቃረብ ጆሯችን ውስጥ የገባው ወላይትኛ ግን ከሁለቱም ልዩ ነው፤ ኦሞአዊ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከአንድ መኪና ሳንወርድ፣ ሦስት የቋንቋ ቤተሰቦችን አቋረጥን ማለት ነው። ልጃችን ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ከስልኩ ቀና አደረገ።

ቀደምት አባቶቻችን ለዚህ ነገር እንግዳ አልነበሩም። ዒልም ፍለጋ ከቤቱ የወጣ ደረሳ ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው፣ ከወሎ ወደ ጅማ፣ ከሐረር ወደ ባሌ በእግሩ ይጓዝ ነበር። የሚያድረው በማያውቀው ሰው ቤት፣ የሚበላውም ያገሬው ሰው ከሰጠው ነው። ስለዚህ ኪታቡን ከመክፈቱ በፊት ያገሩን ሰላምታ፣ የአቀማመጡን ወግ፣ የምግቡን ስም መማር ነበረበት። ያልተማረ ደረሳ ብዙም አይሰነብትም። የእነርሱ «ውጭ አገር» የጎረቤት አውራጃ ነበር፤ ትምህርቱም በመንገድ ላይ ይጀመር ነበር።

«ሳሮ»

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደጋማ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዙሪያዋ ዓይን የሚያርፈው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ አንዱ ወላይታዎች «ኡታ» የሚሉት እንሰት ሲሆን ሌላው ቀይ አፈር ነው። አፈሩ ሲደርቅ በልብስ ላይ፣ ሲረጥብ በእግር ላይ ይጣበቃል። ልጃችን ነጭ ጫማ አድርጎ ነበርና በመጀመሪያው ሰዓት ቀይ ሆነ። ስለዚህ አፈር በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ የተማርነው ቃል «ሳሮ» የሚለው ነው። ወላይታ ሲገናኝ «ሳሮ» ይላል፤ ትርጉሙም ሰላም ማለት ነው። እኛ በቀን ስንት ጊዜ የምንለዋወጠው ሰላምታ ያው ሰላም መሆኑን ስናስብ ቃሉ ወዲያው ቤተኛ ሆነልን። የሰዉም ፊት እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» ያልነው ሻጭ ዋጋውን ብቻ ነግሮን ሲያበቃ፣ «ሳሮ» ያልናቸው እናት ግን ከየት እንደመጣን ጠየቁን፣ ስለ ዝናቡ አጫወቱን፣ ሸክማችንንም አስተካከሉልን።

ይህ ነገር ለእኛ ቤተሰቦች የቆየ ትምህርት አለው። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ በተሰደዱበት ዘመን እዚሁ ምድር ላይ የተወለደችው ኡሙ ኻሊድ ሕፃን ሳለች ወደ መዲና በተመለሰች ጊዜ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ አልብሰዋት ማማሩን የነገሯት በሐበሻ ቃል እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ለአንዲት ሕፃን በምታውቀው ቋንቋ አንድ ቃል መናገር ትንሽ ነገር አይደለም።

የወላይታ ሕዝብም ቋንቋውን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአፍ መፍቻነት የሚናገሩት ቋንቋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ጋር አዋሕዶ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ለመፍጠር ተሞክሮ ነበር። መጻሕፍቱ ታትመው ትምህርት ቤት ሲደርሱ መምህራንና ተማሪዎች፣ ቀጥሎም የከተማው ሕዝብ ተቃወመ። በ1992 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሶዶ ውስጥ በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለሕዝብ ጥቅም ታስቦ የተሠራ ነገር እንኳ ሕዝቡ ሳይጠየቅበት ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ይህ ታሪክ ይነግረናል።

አመጣጥ ያየውን ይወስናል

ወደ ወላይታ የመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1894 አፄ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ሄዶ ነበር። ያየውንም ጽፎ ከሁለት ዓመት በኋላ አሳተመ። ከጦር ጋር የመጣ ሰው ያየው ጦርነትን፣ ምርኮንና የተቃጠለ ቤትን ነው፤ ሌላ ሊያይ አይችልም ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ሞቶሚቺ ዋካሳ የተባለ ጃፓናዊ የወላይትኛን አነጋገር በዝርዝር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። አስቡት፤ ከቶኪዮ የተነሣ ሰው ስሙ ከወዴት ይጀምራል፣ ግሱ በምን ያልቃል እያለ ዓመታት ሲያጠና፣ እኛ ግን ከሶዶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ኖረን አንዲት «ሳሮ» አናውቅም ነበር።

በዳሞታ ግርጌ

በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ በዳሞታ ግርጌ ወደሚገኝ አንድ መንደር ሄድን። የምትመራን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። እንሰት ወደ ከበበው አንድ ቤት ስንደርስ በደጃፉ ጠና ያሉ እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኛን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ነጠላቸውን ወደ ታች ስበው እግራቸውን መሸፈን ነበር።

ልጃችን ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ተቀመጠና «እማማ፣ ጫማ የማያደርጉት ለምንድን ነው?» ብሎ ጀመረ። መሪያችን ለአፍታ አመነታችና ተረጎመችላቸው። እናትየው ወደ መሬት እያዩ በአማርኛ «እሺ» አሉ። እግርዎን በየቀኑ ይታጠባሉ? እሺ። ሐኪም ቤት ሄደው ያውቃሉ? እሺ። በሽታው ከምን እንደመጣ ያውቃሉ? እሺ። ልጃችን ሁሉንም «አዎ» ብሎ መዘገበ። አንድ ገጽ ሞላ።

ያን ጊዜ መሪያችን ፈቃድ ሳትጠይቀን መሬት ላይ ቁጭ አለችና እንደ አዲስ «ሳሮ» ብላ ጀመረች። ስለ እንሰቱ ጠየቀች። ስለ ልጆቻቸው ጠየቀች። ላሚቱ ወለደች ወይ አለች። እኛ የምንሰማው ድምፁን ብቻ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ቆየን። ቆየት ብሎ እናትየው ሣቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ከእግራቸው ላይ ራሳቸው አነሡት። ሁለቱም እግሮች ከቁርጭምጭሚት በላይ አብጠው ቆዳቸው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል።

ጫማማ አላቸው። በፌስታል ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል። የሚያደርጉት ለገበያና ለለቅሶ ነው። «እርሻ ላይ ባደርገው ጭቃው ይውጠዋል፤ ደግሞ የሱቅ ጫማ ይህን እግር አያስገባም» አሉ። ቀጥሎ የተናገሩትን መሪያችን የተረጎመችልን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። አንድ ጊዜ ሽማግሎች ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ቡና ተፈላ፣ ወሬው ተጀመረ። ከሽማግሎቹ አንዱ እግራቸውን አየ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ተነሥተው ሄዱ፤ ዳግመኛም አልመጡም። «ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ እሸፍነዋለሁ» አሉ።

ልጃችን ያን የሞላውን ገጽ ቀዶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ስንመለስ መሪያችን «እሺ ሲሉህ አዎ ማለታቸው አልነበረም፤ በቃኝ ማለታቸው ነው» ብላ ነገረችው። ሙያውን የተማረ ሰው ቋንቋውን ባያውቅ የውሸት ቁጥር ይዞ እንደሚመለስ በአንድ ማለዳ ታየ።

የቀዩ አፈር ምስጢር

ይህ በሽታ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው ነው። በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆኑ እግርና አቧራ የሚሉትን የግሪክኛ ቃላት አጋጥመው የሠሩት ነው። በቆላ አገር ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ ይኸኛው ግን ከትንኝም ከትልም አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። ይህ አፈር የሚገኘው ከፍታ ባላቸውና በቂ ዝናብ በሚዘንብባቸው ደጋማ ቦታዎች ነው። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው የደቀቁ የማዕድን ብናኞች በቆዳው ዘልቀው ይገባሉ፤ የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣሉ፣ ቱቦዎቹም ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ፕራይስ ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት ነው። ከእርሳቸው በፊት ኡመን የተባሉ ሐኪም በ56 ገበያዎች እየዞሩ የገበያተኛውን እግር ተመልክተው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት ጽሑፍ ከመቶ ሰው በአማካይ ወደ 3 የሚጠጋው እግሩ ያበጠ መሆኑን አሳይተዋል።

ወላይታ ላይ የተደረገው ቆጠራ ከዚህ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ከመቶ ሰው ከ5 የሚበልጠው ታማሚ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህም የሚበዙት በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት በሽታው 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለው በዚህ ዞን በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ አስልቷል። ሰው እግሩ ሲያብጥ፣ ሲያተኩሰውና ሲያሳክከው እርሻው ይቀራል፣ ገበያው ይቀራል፣ ልጁ ከትምህርት ይቀራል።

ከእነዚህ ጥናቶች ጋር ስማቸው የሚነሣው ጌይል ዴቪ የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወላይታ እየተመላለሱ ሠርተዋል። አንዱ ጥያቄያቸው በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይድናል የሚል ነበር። የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ በመሪነት የጻፉትና ከወላይታ ሰዎች በተሰበሰበ ናሙና ላይ የቆመ ጥናት፣ ሰውነት ለባዕድ ነገር መልስ የሚሰጥበትን ሥርዓት የሚመራ የዘረ-መል ክፍል ከዚህ ተጋላጭነት ጋር መያያዙን አሳየ። ጽሑፉ የወጣው በዓለም እውቅ ከሆኑት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ነው።

ልጃችንን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የገረመው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት «እንዴት ብንጠይቃችሁ ይሻላል?» ብለው ሕዝቡን ራሱን ጠይቀዋል። ስለዚሁ የተጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። «በዘር ይወረሳል» የሚለው ቃል በግዴለሽነት ቢነገር በታማሚው ላይ ያለው መገለል ወደ ቤተሰቡ ሁሉ ሊዞር ይችል ነበር። ሕዝቡ የሚያምነው ማንን እንደሆነ፣ ነገሩ በየትኛው ቃል ቢገለጽ እንደሚገባ መታወቅ ነበረበት። ከዚያ በኋላ በወላይታ የተደረጉ ጥናቶች የዳሞታዋ እናት የነገሩንን ያህል ዘርዝረው አረጋግጠዋል። ሰዉ ጫማውን ለተለየ ቀን ያስቀምጠዋል፤ እርሻ ላይ አይመቸውም። በችሮታ የሚታደለው ጫማ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት ሲሆን «የዝሆኔ ቤት ልጅ» የሚል ምልክት እስከ መሆን ይደርሳል። ጫማ መስጠት በጎ ሥራ ነው፤ ያለ ምክክር ሲሰጥ ግን ያንኑ ሊያቃልለው የመጣውን ሸክም ሊጨምር ይችላል።

መድኃኒቱስ?

አልሐምዱሊላህ፣ ይህ በሽታ አስቀድሞ መከላከል የሚቻል ነው። ልጅ ከመጀመሪያው ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይዘውም። በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዝያ በአንድ ወቅት ይታይ የነበረ ሲሆን ሕዝቡ ጫማ መልመዱን ተከትሎ እንደጠፋ ይነገራል።

የጀመረውም ቢሆን ይሻለዋል። እግር በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ በጤና ባለሙያ ምክር ጥቂት በረኪና የተጨመረበት ውኃ ውስጥ ይነከራል። በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል፣ እንደ ሁኔታው በፋሻ ይጠቀለላል። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ሲነሡ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሶዶ ውስጥ የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማኅበር ይህንኑ በየወረዳው ሲያስተምር ቆይቷል። ከታከሙት ውስጥ የተሻላቸው ሌሎችን እንዲያስተምሩ፣ አንዳንዶቹም ያበጠ እግር የሚያስገባ ጫማ እንዲሰፉ አድርጓል። ያገሩን ቋንቋ የሚናገርና በሽታውን በገዛ እግሩ ያየ መምህር ከየትም አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ፖዶኮኒዮሲስን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል።

ችግሩ የወላይታ ብቻ አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ መቶ ሰዎች 4ቱ ታማሚ ሆነው ተገኝተዋል። በጎጃምም፣ በወለጋም፣ ቀይ አፈር ባለበት ደጋ ሁሉ አለ። ጎረቤታችንም ሊሆን ይችላል።

በመስጂዱ በር ላይ

ከሶዶ ከመውጣታችን በፊት ለዐስር ሰላት ወደ አንድ መስጂድ ገባን። ጫማችንን አውልቀን ልንገባ ስንል ከአጥሩ ጥግ በዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ ምንጣፍ አንጥፎ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ አየን። ሰፊ ጫማ አድርጓል። ልጃችን አንዴ ወደ ጫማው፣ አንዴ ወደ እኛ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ሰውየው ሄዶ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሳሮ» አለው። ሰውየው ሣቀ፤ በአማርኛም መለሰለት።

ጥቂት ተጫወቱ። ለምን እንደማይገባ አልጠየቀውም። ሰውየው ግን ራሱ ነገረን። «ማንም አልከለከለኝም። ኢማሙም ግባ ይለኛል። ግን በሩ ላይ ጫማ ሲወልቅ ሰው ሁሉ ያያል። አጠገቤ የሚቆመው ሰው እግሩን ሲሰበስብ አያለሁ። እኔም እርሱም እንዳንቸገር ብዬ ነው» አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስንሰማ አፈርን። እኛ በቀን አምስት ጊዜ እግራችንን እስከ ቁርጭምጭሚት፣ በጣቶቻችን መካከል ሳይቀር የምንታጠብ ሰዎች ነን። በሰፍ ስንቆም እግር ከእግር የምናገናኝ ሰዎች ነን። እንዲህ ሆነን ሳለ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ በሽታ ፈርተን እግራችንን ከወንድማችን እግር ከሰበሰብን ያወቅነው ምኑን ነው? በወላይታ ከተጠየቁ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማግለል አመለካከት እንዳላቸው አንድ ጥናት ገልጿል። ከእነዚያ ሰዎች የተለየን መሆናችንን በምን እናውቃለን?

ኢቃማ ሲባል ልጃችን ወደ ውስጥ አልገባም። «እርስዎ ካልገቡ እኔም እዚሁ ነኝ» አለና ከሰውየው ጎን ቆመ። ሰውየው ለአፍታ አየው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ። አብረው ገቡ፤ ከኋለኛው ሰፍ ጎን ለጎን ቆመው ሰገዱ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ከዚህ ጉዞ ያገኘነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ወደ ሩቅ አገር ከመላካችሁ በፊት ወደ ቅርብ አገር ላኩት። ቋንቋውን በማያውቀው ወረዳ፣ በዘመድ ወይም በወዳጅ ቤት አንድ ወር ይቆይ። ሰላምታ ይማር፣ የቀረበለትን ሐላል ምግብ ይልመድ፣ ተሳስቶም ይታረም። በሰው ፊት መሳሳትን አገሩ ላይ የለመደ ልጅ በሰው አገር አይደነግጥም። በመስከረም ወላይታ የዘመን መለወጫውን ጊፋታን ሲያከብር የደረሰ እንግዳ ደግሞ የሕዝቡን ታሪክና የቤተሰብ ወግ በአንድ ጊዜ ያያል።

ወጣቶች ሆይ፣ ጤና ልትማሩ ብትነሡ ትምህርቱ የሚጀምረው ከአጠያየቅ ነው። «ለምን ጫማ አታደርጉም?» የሚለው ጥያቄ ወቀሳ አለበት። «ጫማችሁ የት የት ያገለግላችኋል?» የሚለው ግን መልስ ያመጣል። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን በፊት የተቀዳደደው ገጽና በኋላ የተነገረው እውነት ያህል ነው።

ሁላችንም ደግሞ ልጆቻችንን ጫማ እናልብስ፤ እግሩ ያበጠ ሰው ስናይ ዓይናችንን ከእግሩ ወደ ፊቱ እናንሣ። በሽታው እንደማይጋባ ለቤተሰባችን፣ ለጀማዓችን፣ ለጋብቻ ለሚላኩ ሽማግሎቻችን እንንገር። አንዲት ልጅ በእናቷ እግር ምክንያት ሳታገባ የምትቀርበት ዘመን እንዲያበቃ ማድረግ ዶክተር መሆንን አይጠይቅም።

አዲስ አበባ ስንገባ መሽቶ ነበር። እህታችን በሩን ከፍታ የልጇን ጫማ አየች። ነጭ የነበረው ቀይ ሆኗል። «ይህን ሳታጥብ እንዳትገባ!» ካለችው በኋላ «ለመሆኑ ምን ተምረህ መጣህ?» ስትል ጠየቀችው። ልጃችን ጫማውን ደጅ ላይ እያወለቀ «መጠየቅ» አላት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባሕር ተሻገረ። ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አንድ አዲስ ማስታወሻ ደብተር ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሳሮ» ይላል።